የእርዳታ ክትትል ላይ ተመደብኩ፣ ከየት ልጀምር?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ሰላም ናችሁ? ወረዳችን ለድርቅ ተጎጂዎች የሚመጣውን እህልና ብር የሚከታተል ቡድን አቋቁሞ እኔንም አስገባኝ። ትናንት ሰነዱን ሳገላብጥ ደረሰኙም ማህተሙም ሙሉ ነው። ግን አንድ ወረቀት ላይ አርባ ምናምን ሰው የፈረመው በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድሮ አከፋፋይ፦
እህቴ፣ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጪውና ማከፋፈያው ጋ ሂጂ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ ነው የሚባለው። ጆንያው 50 ኪሎ ስለሆነ ለ10 ሰው 3 ጆንያ ይሰጥና "እዚያው ተካፈሉ" ይባላል። እኛ ጋ መስፈሪያው ጣሳ ነበር። አንድ ቀን ሚዛን ይዤ ሄጄ የአንዲት እናትን ድርሻ ብመዝነው 11 ኪሎ አልሞላም፤ መዝገቡ ላይ ግን ለ15 ፈርመዋል። ከዚያ ወዲህ ፊርማ ብቻ አይቼ አምኜ አላውቅም። ደግሞ የስም ዝርዝሩን እህሉ ከመውጣቱ ከቀናት በፊት አስለጥፊው። ማን እንደሞተ፣ ማን አገር እንደለቀቀ ሰፈሩ ከማንም ኦዲተር በላይ ያውቃል። በማከፋፈያው ቀን ጠዋት ከተለጠፈ ግን ምንም አይጠቅምሽም።

ከሜሪላንድ፦
አሜሪካም የተማረችው ይህንኑ ነው። በኮሮና ጊዜ ለትናንሽ ንግዶች ብድር ሲሰጥ ፍጥነት ይቅደም ተባለና አመልካቹ ስለራሱ የጻፈው በቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 የብድሩ መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ በማጭበርበር ሳይወሰድ እንዳልቀረ ገመተ። በዚያው ዓመት የወረርሽኙን ወጪ የሚከታተለው ኮሚቴ 69,323 አጠያያቂ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሮች (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ለ5.4 ቢሊዮን ዶላር ብድርና ድጎማ እንደዋሉ አሳወቀ። ቁጥሩንና ስሙን ከመንግሥት መዝገብ ጋር ማመሳከር ብሩ ሳይወጣ ይቻል ነበር እኮ! ኮንግረስ በ2022 አጭበርባሪዎቹን እስከ 10 ዓመት ድረስ መክሰስ እንዲቻል ፈቀደ፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ያ ብር ቤት ተገዝቶበታል፣ መኪና ተነድቶበታል። እዚህ የማውቃቸው ሐቀኛ ባለ ሱቆች ደግሞ ወረፋ ሲጠብቁ የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ አለቀ። በጣም ነው ያናደደኝ።

ቆቦ፦
ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ሰኔ 2015 ዓ.ም ላይ እህል እየተሰረቀ ነው ተብሎ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲም የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በመላ ኢትዮጵያ እርዳታ ሲያቆሙ የተራበው ሌባው አልነበረም። ለወራት ባዶ ጆንያ ያየው ያው ምስኪኑ ነው። ሲመለስ ተረጂ የመለየቱና መጋዘን የመቆጣጠሩ ሥራ ከመንግሥት እጅ ወጥቶ ለእርዳታ ድርጅቶች ተሰጠ። ያ ለውጥ ቀድሞ ቢደረግስ? ስለዚህ እህቴ፣ ጉድለት ስታገኚ ጎድሎ የተገኘበትን ሰው አስቁሚ፣ ስርጭቱን ግን አታስቁሚ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቀጣዩ ስርጭት ዓርብ ነው። ዝርዝሩን ነገ ጠዋት ቀበሌው በርና ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ አስለጥፋለሁ፤ መስጊዱ ጋም እንዲሁ። ሚዛን ከወፍጮ ቤቱ ተውሻለሁ። ከአርባዎቹ ፈራሚዎች አምስቱን ደግሞ ዛሬ ማታ ቤታቸው ሄጄ አነጋግራለሁ።