ተረብ ነው ሐሜት? በአሜሪካኖቹ የፖለቲካ ቀልድ ላይ የተነሳ ክርክር

አወያይ፦
ቤቶች፣ እንዴት አመሻችሁ? የዛሬው ጥያቄ በውስጥ መስመር ሁለት አባሎቻችንን አጣልቶ ነው ወደ አደባባይ የወጣው። አሜሪካ ውስጥ ሊበራሉ በወግ አጥባቂው፣ ወግ አጥባቂው በሊበራሉ የሚቀልደው ቀልድ ጠቡን ያበርዳል ወይስ ያጋግላል?

ላልተከታተለ ሰው ባጭሩ፦ ጁላይ 2025 ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲቢኤስ የኮሜዲያኑን የስቴፈን ኮልቤርን የምሽት ሾው በሜይ 2026 እንደሚያቆም አስታወቀ። የገንዘብ ጉዳይ ነው አለ። ኮልቤር ግን ከቀናት በፊት፣ የሲቢኤስ ባለቤት ፓራማውንት ከትራምፕ ጋር የነበረበትን ክስ በ16 ሚሊዮን ዶላር መጨረሱን አየር ላይ ወጥቶ "ጉቦ" ብሎት ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ሌላው ጣቢያ ኤቢሲ ኮሜዲያኑን ጂሚ ኪሜልን ስለ ወግ አጥባቂው አክቲቪስት ስለ ቻርሊ ከርክ ግድያ በተናገረው ነገር ከአየር አወረደው፤ ሳምንት ሳይሞላ መለሰው። እንግዲህ ግቡበት። ዓመቶቹ በፈረንጅ ይሁኑ። ስድብ የለም። ሊንክ ወርውሮ መጥፋትም የለም።

የዳላሷ፦
ከተጣሉት አንዷ እኔ ስለሆንኩ ልጀምር። የምኖረው ቴክሳስ ነው፣ ከቤተክርስቲያን አልቀርም፣ ድምፄን የምሰጠው ለሪፐብሊካን ነው። አልደብቅም።

ስንት ዓመት ሙሉ ማታ ቴሌቪዥን ስከፍት የሚሳቅብኝ እኔ ነኝ። ስለ ፖሊሲ ቢሆን ጥሩ። የሚሳቀው ስለ አነጋገራችን፣ ስለ ጸሎታችን፣ ስለምንነዳው ፒክአፕ ነው። ድሮ ጆኒ ካርሰን ኤንቢሲ ላይ የምሽቱን ወንበር 30 ዓመት ሲይዝ ለማን እንደሚመርጥ አላስታወቀም፤ ሁሉንም ይነካካ ነበር። የአሁኑ ስብከት ነው፤ ሳቅ የተጨመረበት ስብከት።

አንድ ቀን ልንገራችሁ። ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነን። አንዷ ስልኳን ጠረጴዛው መሀል አቁማ የማታውን ቀልድ ከፈተች። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደኔ ዞሩ፤ ትስቅ ይሆን ታኮርፍ ብለው። ሳቅኩ። ምሳ ዕቃዬን እየከደንኩ ሳቅኩ። ማሽላም እያረረ ይስቃል። ያ ቀልድ ሐሳቤን አላስቀየረኝም። እንዲያውም በሚቀጥለው ምርጫ ማንን እንደምመርጥ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

የሚኒያፖሊሱ፦
ሁለተኛው እኔ ነኝ። እህቴ፣ የምሳውን ነገር አልነገርሽኝም ነበር፤ ከልቤ አዝናለሁ። ግን እናንተ ስትሳቁ ኖራችሁ፣ እኛ ደግሞ ስንስቅ ብቻ ኖርን ማለት ነው እንዴ?

በ1987 የብሮድካስት ባለሥልጣኑ ኤፍሲሲ ሁለቱንም ወገን አስተናግዱ የሚለውን ደንብ አነሳ። በዓመቱ ወግ አጥባቂው ረሽ ሊምቦ በመላ አገሪቱ ራዲዮ ብቅ አለ። ሰውዬው ከ30 ዓመት በላይ፣ በቀን 3 ሰዓት፣ በሊበራል እየቀለደ ነው የኖረው። ፎክስ ላይ ግሬግ ጉትፌልድ አለላችሁ። ኦክቶበር 2021 ታላዴጋ የመኪና ውድድር ላይ ሕዝቡ ባይደንን እየሰደበ ሲጮህ ጋዜጠኛዋ ለአሸናፊው ለብራንደን "ሌትስ ጎ ብራንደን" (በርታ ብራንደን) እያሉ ነው አለች፤ ወዲያው ኮፍያና ስቲከር ሆነ። ያንቺ ፒክአፕ ላይ አልተለጠፈም?

ደግሞ የ2024ቱን አትርሱ። ምርጫው ሊደርስ ሲል ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ በትራምፕ ሰልፍ ላይ፣ ቶኒ ሂንችክሊፍ የሚባለው ኮሜዲያን የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን ፖርቶ ሪኮን ተንሳፋፊ የቆሻሻ ደሴት አላት። ባይደን ሊመልስ ብሎ አፉ አዳለጠው፤ ቆሻሻ ያላቸው የትራምፕን ደጋፊዎች መሰለ። በማግስቱ ትራምፕ ዊስኮንሲን ላይ የቆሻሻ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለጋዜጠኞች መልስ ሰጠ። በአራት ቀን ውስጥ አንድ ክፉ ቀልድ መኪና ሆኖ ተነዳ። ይሄኛው እኔንም አስቆኛል፤ ምን ላድርግ።

የአዲስ አበባዋ፦
እኔ እነዚህን ሰዎች የማያቸው ጠዋት ቡና ስጠጣ ነው፤ እነሱ ማታ የተቀላለዱትን። አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል፦ የሚሳቀው በሌለ ሰው ነው። አዳራሹ ሙሉ የአንድ ወገን ሰው ነው።

ሹፌሩ፦
እሷ ያለችው ነገር ላይ እኔ የምለው አለኝ። ዲሲ አጠገብ ያለችው አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ታክሲ ነው የምሠራው።

ባለፈው አርብ ማታ ከሬገን ኤርፖርት ሁለት ሽማግሌዎች አነሳሁ። አንዱ የትራምፕ ደጋፊዎችን ቀይ ኮፍያ አድርጓል። የሌላው ሻንጣ ላይ ከኦባማ ጊዜ የቀረ ስቲከር አለ፣ ጠርዙ ተላልጧል። የኮሌጅ ጓደኞች ናቸው። ገና በሩ ሳይዘጋ ባለ ኮፍያው "ሹፌር፣ ይሄን ሰውዬ ቀስ አድርገህ አውርደው፤ የ2016ቱ ቁስል አልዳነለትም" አለኝ። ያኛው ዞር ሳይል "እሱን ለማውረድ ግን አትድከም፤ ተሸንፎም አልወርድም ይላል" አለ። እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም መሪውን ይዤ ሳቅኩ። እስኪወርዱ ድረስ እንዲሁ ሲጠዛጠዙ ነበር።

ቀጥሎ ያነሳሁት ወጣት ብቻውን ነው። ጆሮው ላይ ሰክቶ ስልኩን እያየ ይስቃል። በመስታወት አየሁት። አፉ ይስቃል፣ ፊቱ ግን አልተፈታም። አንዱን ቪዲዮ ደጋግሞ ከፈተና ለሆነ ሰው ላከው።

እኛ ለሁለቱ ሁለት ስም አለን። የመጀመሪያው ተረብ ነው። ሁለተኛው ሐሜት ነው። ተረብ ፊት ለፊት ነው፤ የተተረበው ይመልሳል፣ ተራ አለው። ሐሜት ባለቤቱ በሌለበት ነው፤ የሚሰማውም ቀድሞ ያመነ ሰው ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አሜሪካኖቹን የቸገራቸው ቀልድ መብዛቱ አይደለም። ተረቡ ቀርቶ ሐሜቱ ብቻ ነው የቀረው።

የዲሲው ጋሼ፦
ልጄ፣ ነካኸው።

እኔ ዲሲ የገባሁት በስደተኛነት ነው፤ በ1981 ፓርኪንግ እሠራ ነበር። ማርች 30 ሬገን ተተኮሰባቸው የሚለውን በትንሿ ራዲዮ ነው የሰማነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ሆስፒታል ወሰዷቸው። ቀዶ ጥገና ሊገቡ ሲሉ ዶክተሮቹን "መቼም ሁላችሁም ሪፐብሊካን ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ" አሏቸው። የድንገተኛ ቡድኑ መሪ ዶክተር ጆሴፍ ጆርዳኖ ሊበራል ዴሞክራት ነበሩ። ምን ቢመልሱ ጥሩ ነው? "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ዛሬ ሁላችንም ሪፐብሊካን ነን።" ይሄ ወሬ ከተማውን ሲዞር ከኛ ጋር የሚሠሩት ዴሞክራቶች ነበሩ እየተቀባበሉ የሚያወሩት።

በ1984ም ከዴሞክራቱ ተወዳዳሪ ከሞንዴል ጋር ሲከራከሩ ዕድሜያቸው ተነሳ፤ 73 ነበሩ። የተቃዋሚዬን ልጅነትና ልምድ ማነስ ለፖለቲካ መጠቀሚያ አላደርገውም አሉ። ሞንዴል 56 ዓመቱ ነው! እሱ ራሱ መድረኩ ላይ ሳቀ። በኋላ ሲጠየቅ፣ ምርጫው እዚያው እንዳለቀለት አውቄ ነበር ብሏል። ግን ሳቀ። ተረብ ማለት ይሄ ነው፣ የተሸነፈውም የሚስቅበት።

የዳላሷ፦
ጋሼ ያሉት ደስ ይላል። ግን ፊት ለፊት መሆኑ ብቻ ይበቃል? በ2011 የዋይት ሐውስ ጋዜጠኞች እራት ላይስ? ትራምፕ እዚያው አዳራሽ ተቀምጧል። ኦባማ የልደት ወረቀቱን ካወጣ ገና ሦስት ቀኑ ነው። ተነስቶ በሰውዬው የቴሌቪዥን ትርኢት ተሳለቀ፤ ማንን እንደሚያባርር መወሰን እኔን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር እያለ። ቀጥሎ ኮሜዲያኑ ሴዝ ማየርስ ወረደበት። ካሜራው የትራምፕን ፊት እያሳየ ነው፤ አንዲት ጡንቻ አልተነቃነቀችም። ከዚያ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን።

የሚኒያፖሊሱ፦
ትራምፕ በዚያ ቂም ነው የተወዳደርኩት አላለም፤ እንዲያውም ክዷል። ደግሞ ማን ነው የጀመረው? ኦባማን አሜሪካ አልተወለደም እያለ ለወራት ቴሌቪዥን ያጣበበው ማን ሆነና?

ሹፌሩ፦
የዳላሷ እውነቷን ነው፤ ግን ያ ተረብ አልነበረም። ማይክራፎን የነበረው አንዱ ጋ ብቻ ነው። ፕሬዚዳንት መድረክ ላይ፣ ሌላው ወንበር ላይ፣ አዳራሹ ሙሉ የሚስቅ ሰው። ተራ የለውም። ያ በአደባባይ ማዋረድ ነው።

ተረብ የምለው የኒው ዮርኩን የአል ስሚዝ እራት ነው። ካቶሊኮቹ ለበጎ አድራጎት የሚያዘጋጁት። በምርጫ ዓመት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡና በተራ ይተራረባሉ። እሱም እየላላ ነው። በ2016 ትራምፕ ሒላሪን ሲተርብ ቀልዱ ስድብ ሆኖ አዳራሹ ጮኸበት። በ2024 ካማላ ሐሪስ ቪዲዮ ላከች፤ አልመጣችም። ቪዲዮ ተልኮ ተረብ አለ?

የዴንቨሩ፦
ተረብና ሐሜቱን ወድጄዋለሁ፤ ግን ቀልዱ ላይ ብዙ ጫናችሁበት። በ1960 አሜሪካኖች ልጃችሁ የሌላ ፓርቲ ሰው ቢያገባ ቅር ይላችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ አዎ ያለው ከመቶ 5 ገደማ ነበር። በ2010 ከሪፐብሊካኑ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቱ ሲሶው ቅር ይለናል አለ። ይሄን ሁሉ ያመጣው ኮልቤር ነው? ሰፈሩ ተለያየ፣ ቤተክርስቲያኑ ተለያየ፣ የሚሰማው ዜና ተለያየ። ቀልዱ ተከትሎ ነው የመጣው።

ኮልቤርን ካነሳን ደግሞ፣ ድሮ ወግ አጥባቂ መስሎ የሚቀልድበት ፕሮግራም ነበረው። በ2009 የኦሃዮ ስቴት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አሳይተው ጠየቁ። ሊበራሉም ወግ አጥባቂውም እኩል ያስቃል አለ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሊበራሉ በወግ አጥባቂ እየቀለደ ነው አለ። ወግ አጥባቂው ደግሞ የቀልድ አስመስሎ ነው እንጂ የሚለውን የምሩን ነው ወደ ማለቱ አዘነበለ። አንድ ሰው፣ አንድ ቪዲዮ።

የአዲስ አበባዋ፦
እንዴ! ሰሙን ወርቅ ብለው ወሰዱት ማለት ነው። ቅኔ ቤት ቢሆን መምህሩ ይቆጡ ነበር።

የዴንቨሩ፦
ለየራሱ ወርቅ አገኘ በይው እንጂ።

የሚኒያፖሊሱ፦
ከዚህ በፊት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ጁን 2025 እዚህ እኛ ጋ ሜሊሳ ሆርትማን ከባሏ ጋር ቤቷ ውስጥ ተገደለች። የክልሉ ምክር ቤት አፈ ጉባዔ የነበረች፣ ዴሞክራት። ሬሳቸው ሳይቀበር የዩታው ሴናተር ማይክ ሊ በገዥያችን በዋልዝ ስም የቃላት ጨዋታ ሠርቶ ኤክስ ላይ ለጠፈው። ቀልድ መሆኑ ነው። የኛዋ ሴናተር ቲና ስሚዝ የሟቿ ጓደኛ ነበረች። ምን አደረገች? መልስ መለጠፍ አልበቃትም። ካፒቶል ውስጥ ሄዳ አገኘችው። ምን እንደተሰማት ፊት ለፊት ነገረችው። ሰው መጥቶ ይናገረኛል ብሎ ያልጠበቀ ነው የሚመስለው አለች በኋላ። በማግስቱ ጽሑፉን አጠፋው።

ሹፌሩ፣ ያንተን ነገር ሳነብ ይሄ ነው ትዝ ያለኝ። ስልኩ ላይ ሲጽፈው እሷ የለችም ነበር።

የዳላሷ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። ነውር ነው። የኔ ወገን ስለሆነ አላለሳልሰውም።

እኔም አንድ ልጨምር። ከርክ ሲገደል እየሳቁ ቪዲዮ የሠሩ ሰዎችን አይቻለሁ፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኪሜል ግን በሟቹ አልሳቀም። ገዳዩን ከኛ ወገን ያስመሰለ ነገር ተናገረ፤ ያ አናደደኝ። ሆኖም የኤፍሲሲው ሊቀመንበር ብሬንደን ካር፣ በቀላሉም በከባዱም መንገድ ልናደርገው እንችላለን ብሎ ጣቢያውን ሲያስፈራራ የኔው የቴክሳሱ ቴድ ክሩዝ ነው፣ ይሄ የማፊያ አነጋገር ነው ያለው። ዛሬ እኛ የፈቀድነው ነገ በኛ ላይ ይመጣል አለ። በዚህ ከክሩዝ ጋር ነኝ። በቀልዱ ልናደድ፤ ቴሌቪዥኑን የምዘጋው ግን እኔ ነኝ።

የዲሲው ጋሼ፦
ፍርድ ቤቱም ይሄን በ1988 ጨርሶታል። ላሪ ፍሊንት የሚባል የብልግና መጽሔት ባለቤት ፓስተር ጄሪ ፋልዌልን በእናቱ ጭምር አስነዋሪ ቀልድ ቀለደበት። ፓስተሩ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 ለቀልደኛው ፈረደ፤ ፍርዱን የጻፉት ሬንኲስት ደግሞ ወግ አጥባቂ ዳኛ ናቸው። የሚገርመው የኋላው ነው። ሁለቱ ሰዎች ከዓመታት በኋላ በየኮሌጁ አብረው እየዞሩ ሲከራከሩ ተወዳጁ። ፋልዌል ሲሞት ፍሊንት ጓደኛዬ ብሎ ጻፈለት። በል እንግዲህ፣ ከዚያ የባሰ ጠብ የት አለ?

አወያይ፦
ጋሼ ይሄን ካሉ እኔ የምጨምረው የለም። ሁለቱ ተጣዮችስ እንዴት ናችሁ? በውስጥ መስመር አሁንም ተዘጋግታችኋል?

የሚኒያፖሊሱ፦
እኔ ብሎክ አላደረግኩም። የዳላስ ሰው ብሎክ ማድረግ ጭካኔ ነው። የፉትቦል ቡድናቸው ካውቦይስ ከ1996 ጀምሮ የዋንጫውን ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በቴሌቪዥን ነው የሚያየው፤ የነሱ ሐዘን ይበቃቸዋል።

የዳላሷ፦
ኧረ ባክህ! የናንተው ቫይኪንግስ ስንት ወሰደ? 4 ጊዜ ሄዳችሁ 4 ጊዜ ባዶ እጃችሁን ነው የተመለሳችሁት። እኛ ቢያንስ ዋንጫው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ማታ ደውል፣ ቁጥሬ ያው ነው።