ጥቆማ፦ እናታችን በስኩተር ነው የምትንቀሳቀሰው፣ የትኛው ክሩዝ ይሻላታል?

የናቲ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ጥቆማችሁን ፈልጌ ነው። እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ስለማይታዘዛት ከቤት ስትወጣ በኤሌክትሪክ ስኩተር ነው፤ ቤት ውስጥ በምርኩዝ ትንሽ ትንሽ ትላለች፣ ደረጃ ግን አይሞከርም። ሰመር ላይ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስቱ ልጆችና እህቴ ሆነን ክሩዝ፣ ማለት የመርከብ ሽርሽር፣ ልንወስዳት አስበናል። ያለነው ሜሪላንድ ነው። ከባልቲሞር የሚነሣው ይሻላል ወይስ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ ትልቁን መርከብ መያዝ? ከመርከብ ድርጅቶቹስ ሮያል ካሪቢያን ወይስ ካርኒቫል? ስኩተሯን ይዘን እንሂድ ወይስ እንከራይላት? የሞከራችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አብርሽ ባልቲሞር፦ ባልቲሞር ነዋ! ስኩተሩን ቫን ላይ ትጭኛለሽ፣ አውራ ጎዳና 95ን ይዘሽ ወደቡ በር ላይ ታወርጂዋለሽ፣ አለቀ። አውሮፕላን የለ፣ ሆቴል የለ፣ "ሻንጣችን የት ገባ" የለ። እኛ ቤት ከዚያ ውጪ አይታወቅም።

ሰሎሜ፦ ከባልቲሞር የሚነሡት እኮ የቆዩትና ትንንሾቹ ናቸው። ሦስት ልጅ ይዞ እዚያ ምን ይሠራል? ማያሚ ውረዱና ከአዲሶቹ አንዱን ያዙ። ልጆቹ ውሃ ሸርተቴው ላይ ይውላሉ፣ እናንተ ታርፋላችሁ።

አብርሽ ባልቲሞር፦ ትንንሽ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ከባልቲሞር ወደ ባሕር ሲወጣ የሚታለፈው ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ፣ ከውሃው በላይ 186 ጫማ ነው፣ ግዙፎቹ ከሥሩ አያልፉም። ለእማማ ደግሞ ትንሹ ነው የሚሻለው፤ ትልቁ ላይ ከካቢን ተነሥቶ ምግብ ቤት መድረስ ብቻውን አንድ ፌርማታ ነው።

ዮኒ፦ ድልድዩ ወድቆ የለም እንዴ?

አብርሽ ባልቲሞር፦ የወደቀው ኪ ብሪጅ ነው፣ ማርች 2024። ያኔ መርከቦቹ ለጊዜው ከኖርፎክ ይነሡ ነበር፣ ከተመለሱ ቆዩ። ቤይ ብሪጅ ሌላ ነው፣ ቆሟል።

ሔለን፦ ኪራዩን እንዳትሞክሪው እህቴ!! አባቴን ይዘን ከፍሎሪዳ ስንነሣ "ስኩተሩን ካቢናችሁ ውስጥ ታገኙታላችሁ" አሉን። ገባን፣ የለም። እንግዳ መቀበያው ሄድኩ፣ "ይመጣል" አሉኝ። መርከቡ ሊነቃነቅ ትንሽ ሲቀረው አንዱ እየጎተተ አመጣው። ቻርጀር የለውም! አባቴ የመጀመሪያውን ቀን ነዳበት፣ በነጋታው ሞተ። የቀረውን ጊዜ እኔና ወንድሜ የመርከቡን ዊልቸር ለምነን በየተራ ስንገፋ አለቀ። አሁን ገንዘቤን ስጠይቅ "ተፈርሞ ተረክባችኋል" ይሉኛል። የፈረመው የመርከቡ ሠራተኛ ነው እንጂ እኔ መቼ አየሁት!

አባ መላ፦ ሔለን፣ አባትሽ ደህና ናቸው አይደል? "በነጋታው ሞተ" ስትዪ ደነገጥኩ።

ሔለን፦ ስኩተሩ ነው የሞተው! በዚህ ይቀለዳል?

ዮኒ፦ የቱ ድርጅት ነው? ስሙን አውጪውና እንጠንቀቅ።

ሔለን፦ ነገሩ ገና ስላላለቀ ስም አልጠራም።

ብርቱካን፦ በክሬዲት ካርድ ከፍለሽ ከሆነ ለባንኩ ደውለሽ ክፍያውን ዲስፒዩት አድርጊ፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ በዪ። ቻርጀር እንደሌለው ፎቶ አንሥተሻል?

ሔለን፦ በዚያ ሰዓት ፎቶ ማን ያስታውሳል። ለእንግዳ መቀበያው የጻፍኩት ኢሜይል ግን አለኝ።

ብርቱካን፦ እሱ ይበቃል፣ ቀኑና ሰዓቱ አለበት። ዛሬውኑ ደውዪ፣ የጊዜ ገደብ አለው።

ጋሽ ሙሉ፦ ልጄ፣ የዘንድሮ ድርጅት እንዲሁ ነው። እኔ ከቨርጂኒያ ቤት ስቀይር አጓጓዦቹ የሶፋዬን እግር ሰብረው "ድሮም የተሰበረ ነው" ብለው ደረቁብኝ። ጨዋነት ጠፋ።

አባ መላ፦ ጋሽ ሙሉ፣ ሶፋው ካቢን ይገባል?

የናቲ እናት፦ ሔለንዬ በጣም ያናድዳል፣ አይዞሽ። እሺ፣ ይዘን እንሂድ ማለት ነው? የእማዬ ስኩተር ግን ከባዱ ዓይነት ነው፣ አይታጠፍም።

ትዕግሥት ነርሷ፦ ኪራይ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ስፔሻል ኒድስ አት ሲ እና ስኩትአራውንድ የሚባሉት ከመርከብ ድርጅቶቹ ጋር የሚሠሩ ናቸው፣ ካቢን ድረስ ያመጣሉ። ስትረከቡ ቻርጀሩን ሰክታችሁ መብራቱ መብራቱን ሳታዩ አታሰናብቱ። አሁን ግን ሌላውን ሁሉ ተዪና ሜትር አምጪ። ስኩተሩን ከኋላ፣ ከጎማ ውጪ እስከ ጎማ ውጪ ለኪው። የተራ ካቢን በር 22 ወይም 23 ኢንች ገደማ ነው። አክሰሲብል የሚባለው፣ ለአካል ጉዳተኛ የተሠራው ካቢን ግን በሩ 32 ነው፤ ሻወሩ ደፍ የለውም፣ መያዣ ብረትና መቀመጫ አለው። "ካልገባ ኮሪደር ላይ እናሳድረዋለን" እንዳትሉ፣ የእሳት አደጋ መውጫ ስለሆነ ይከለክላሉ። ሮያልም ሆነ ካርኒቫል በዚህ አይለያዩም።

የናቲ እናት፦ አሁን ለካሁት። 24 ኢንች ተኩል።

ትዕግሥት ነርሷ፦ እንግዲያው ምርጫሽ ጠበበ። ወይ አክሰሲብል ካቢን፣ ወይ ጠባብና የሚታጠፍ ኪራይ። ለእናትሽ ሻወሩም ስለሚያስፈልጋቸው እኔ የመጀመሪያውን ነው የምለው። በየመርከቡ ጥቂት ናቸው፣ ቀድመው ያልቃሉ። ስትይዢ የሚሞላ ፎርም አለ፣ የስኩተሩን ስፋትና ክብደትም ይጠይቁሻል፤ ይህንኑ ቁጥር ስጫቸው።

አሰፋ ሲልቨር፦ ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ወኪላችን ጋ ደውዪ። የሐበሻን ነገር ታውቃለች፣ ሁሉን ትጨርስልሻለች።

አባ መላ፦ በር ታሰፋለች?

አሰፋ ሲልቨር፦ ቀልዱን ትተህ ሞክራት። ለወንድሜ ሠርግ አገር ቤት ስንሄድ የዘመዱን ሁሉ ትኬት የቆረጠችልን እሷ ናት።

ሰሎሜ፦ የምትላትን ካወቅኳት፣ አክስቴ "በዊልቸር ነኝ" እያለቻት ተራ ካቢን ነው የያዘችላት። ዊልቸሩ በሩ ላይ ቀረ፣ አክስቴ ግድግዳ እየያዘች ገባች።

አሰፋ ሲልቨር፦ ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። እሷ ግን አንደኛ ናት።

ዳለስ ገፊው፦ ሰላም። ዳለስ ኤርፖርት ዊልቸር ነው የምገፋው፣ በዚህ ጉዳይ ትንሽ የምለው አለኝ። ፍሎሪዳ በአውሮፕላን ከሆነ የምትሄዱት ስኩተሩ እንደ ሻንጣ አይከፈልበትም፤ እናትሽ እስከ አውሮፕላኑ በር ነድተው ስኩተሩን እዚያ ይረከቧቸዋል። ዋናው ባትሪው ነው። ሊቲየም ከሆነ ላዩ ላይ ዋት ሀወር (የሚይዘው ኃይል መጠን) የሚለውን አንብቡ። ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር ሀወሩ አባዙት፤ 24 ቮልት፣ 10 አምፒር ሀወር ከሆነ 240 ማለት ነው። ተነቅሎ የሚወጣ ባትሪ እስከ 300 ዋት ሀወር ድረስ በእጅ ይገባል፤ በሁለት ባትሪ የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ከ160 መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከሆነ በር ላይ ትጣላላችሁ። አየር መንገዱን ቀድማችሁ ደውሉና የስኩተሩን ሞዴል ንገሯቸው።

ሌላው፣ ሞተሩን ከጎማው የምታላቅቀው ማንሻ የት እንዳለች በወረቀት ጻፉና ወንበሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ። ታች ሻንጣ የሚጭኑት ልጆች ካላገኟት ስኩተሩ ጎማው ሳይዞር ነው የሚጎተተው። ቅርጫቱን፣ መስተዋቱንና ቁልፉን ነቅላችሁ እጃችሁ ላይ ያዙ። ቁልፉን ረስተው የሚሄዱ ስንት አሉ መሰላችሁ።

የናቲ እናት፦ ኧረ ተባረክ ወንድሜ! ማንሻዋን እኔም አላውቃትም ነበር።

ማርታ ሲያትል፦ ለምን አላስካ አትወስዷትም? ከሲያትል በሆላንድ አሜሪካ። ጁኖ፣ ኬቺካን፣ ስካግዌይ አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ራሱ ወደቡ ላይ ይጠጋል፣ ስኩተሩን እየነዱ መውረድ ነው። ሙቀቱም አያስቸግርም። እናቴ በጋቢዋ ተጠቅልላ በረንዳው ላይ ዓሣ ነባሪ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። እኛ ከሆላንድ ሌላ አንሄድም።

ሰሎሜ፦ ሜሪላንድ ነን እያለች ሲያትል?

ማርታ ሲያትል፦ ጥቆማ አይደል የተጠየቀው?

ትዕግሥት ነርሷ፦ ማርታ ያነሣችው ግን ትልቅ ነገር ነው። ከመርከቡ ስም ይልቅ የሚቆምበትን ወደብ ተመልከቺ። ግራንድ ኬይማን እና ቤሊዝ ሲቲ መርከቡ ባሕሩ መሃል መልሕቁን ጥሎ ሰዉን በትንሽ ጀልባ ነው የሚያወርደው። ጀልባዋ ትወዛወዛለች፣ ከባድ ስኩተር አያስገቡም፣ ሰውየው ራሱ አንድ ሁለት እርምጃ መሻገር አለበት። ባሕሩ ከተናወጠ ጨርሶ ይከለክላሉ። ናሶ፣ ኮዙሜል፣ የሮያል ካሪቢያን የግል ደሴት ኮኮኬይ ግን መርከቡ የሚጠጋበት መድረክ አላቸው። ኮኮኬይ ላይ አሸዋ የማይውጠው ሰፊ ጎማ ያለው የባሕር ዳርቻ ዊልቸር በነፃ ይሰጣሉ፣ ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ እንደወረዳችሁ አንድ ሰው ቀድሞ ይሂድ። ከባልቲሞር ደግሞ ቤርሙዳ አለ፤ ኪንግስ ዋርፍ ላይ ይጠጋል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው ያድራል። አካባቢው ሜዳ ስለሆነ እናትሽ ደከመኝ ሲሉ ወደ ካቢናቸው ይመለሳሉ።

አብርሽ ባልቲሞር፦ አላልኳችሁም? ባልቲሞር!

ሕግ አዋቂ፦ አንድ ልጨምር። እነዚህ መርከቦች የባሃማስና የፓናማ ባንዲራ እያውለበለቡ "የአሜሪካ ሕግ አይመለከተንም" ይሉ ነበር። በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስፔክተር የተባሉ ተሳፋሪ በኖርዌጂያን ክሩዝ ላይ ባቀረቡት ክስ፣ በአሜሪካ ውሃ ውስጥ እስካሉ ድረስ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ይመለከታቸዋል ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠይቋችሁ እሺ አትበሉ።

አባ መላ፦ ታዲያ ጀልባዋን በሕግ እናቁማት?

ሕግ አዋቂ፦ መርከቡን አፍርሳችሁ ሥሩ አላለም፣ ከዓለም አቀፍ የደኅንነት ደንብ የሚጋጭ ለውጥም አያስገድድም። ዋጋ መጨመርና አገልግሎት መንፈግ ግን ሌላ ነው። አንብበህ ተናገር።

ብርቱካን፦ የናቲ እናት፣ በየትኛው ወር ነው ያሰባችሁት? ኦገስት ከሆነ ከ7 እስከ 22 ፍልሰታ ነው። እናትሽን ሳትጠይቂ ከፍለሽ እንዳትጣዪ።

የናቲ እናት፦ ውይ! ኦገስት 10 የሚነሣውን እያየሁ ነበር። እማዬ በፍልሰታ ከቤተ ክርስቲያን አትቀርም። ጥሩ አስታወስሽኝ። በጁላይም ረቡዕና ዓርብ አለ፤ የጾም ምግብ ይገኛል?

ብርቱካን፦ ይገኛል። ማታ ለዋናው አስተናጋጅ "ነገ የሕንዶቹን አትክልት" ብለሽ ንገሪው፣ ምስርና ሽምብራ ሠርተው ያመጡላቸዋል። ግን ቅቤ አለበት ወይ ብለሽ አስጠይቂ፣ ሕንዶቹም እንደኛ ቅቤ ይወዳሉ። እንጀራና ወጥ ቋጥረሽ እንዳትሄጂ፣ ቤት የተሠራ ምግብ በር ላይ ይጥሉታል። ከሱቅ የተገዛ፣ ያልተከፈተ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ያልፋል።

ጋሽ ሙሉ፦ ድርቆሽስ?

ብርቱካን፦ የታሸገ ከሆነ ነው እንጂ በጨርቅ የተቋጠረውን አያሳልፉም፣ ጋሼ።

ዮኒ፦ ፓስፖርት እኮ አያስፈልግም፣ የልደት ሰርተፊኬት ይበቃል፣ እኔ አውቃለሁ።

ዳለስ ገፊው፦ ዮኒ፣ ሰው አታሳስት። እሱ እዚህ ለተወለደ ዜጋ ነው፣ ያውም መርከቡ ከአሜሪካ ተነሥቶ እዚያው ወደብ ሲመለስ። አገር ቤት ተወልዶ ዜግነት የወሰደ የዜግነት ወረቀቱን ወይም ፓስፖርቱን መያዝ አለበት። እናትሽ ገና በግሪን ካርድ ከሆኑ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ጊዜው እንዳላለፈ እዪ። ለማንም ቢሆን ፓስፖርት መያዝ ነው የሚሻለው፤ ድንገት ታሞ ከመሃል መንገድ በአውሮፕላን መመለስ ቢመጣ የልደት ወረቀት አያሳፍርም።

የናቲ እናት፦ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጁላይ ላይ ቤርሙዳ የሚሄድና አክሰሲብል ካቢን ያለው ካለ እያየሁ ነው፤ እህቴ ደግሞ ኮኮኬይ ትላለች። የእማዬንም ፓስፖርት እፈልጋለሁ፣ የት እንዳስቀመጠችው እንጃ። እነግራችኋለሁ።

አሰፋ ሲልቨር፦ ወኪላችን ጋ ደወልሽ?

ሰሎሜ፦ የናቲ እናት፣ በመጨረሻ የቱን ያዛችሁ? እኛም አያታችንን ልንወስድ ነው።

ዮኒ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው።

ሔለን፦ ብርቱካን፣ ያልሽኝን አድርጌ ባንኩ ግማሹን መለሰልኝ! ኢሜይሏ ናት የሠራችው። ቀሪውንም ይግባኝ ብያለሁ።

ብርቱካን፦ እልልል! አትልቀቂያቸው።

ጋሽ ሙሉ፦ ባንኩ ለሶፋም ይሠራል?