ለወተት መሰብሰቢያ የትኛው መመርመሪያ ይቅደም?

በውስን ገንዘብ የወተት መሰብሰቢያ ለመክፈት አስበው የትኛውን መመርመሪያ ቀድመው ቢገዙ እንደሚሻል ለጠየቁት፦ በአንድ ደቂቃ ያህል ቅባቱንም የተጨመረውን ውሃም የሚያሳየው የአልትራሳውንድ ማሽን ዓይን ቢስብም፣ የመጀመሪያ ግዢዎ እንዲሆን አልመክርም። በየጊዜው ካልተስተካከለና በየቀኑ በደንብ ካልታጠበ ቁጥሩ ይዛባል፤ ጀርምንም ሆነ የመድኃኒት ቅሪትን ደግሞ ጭራሽ አያይም።

ወተት ውስጥ ተንሳፍፎ እፍግታውን (በመጠኑ ልክ ያለውን ክብደት) የሚለካው ላክቶሜትር ርካሽ ነው፤ የሚታመነው ግን ከቴርሞሜትር ጋር ሲሆን ነው። የላም ወተት እፍግታ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.028 እስከ 1.033 ግራም በሚሊ ሊትር ነው። ሞቅ ያለ ወተት ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ፣ እኔም በጀማሪነቴ ገና እንደታለበ የቀረበልኝን ንጹሕ ወተት ውሃ ገብቶበታል ብዬ መልሼ፣ ኋላ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ከዚህ የሚብሰው፣ ቅባቱ ሲገፈፍ እፍግታው ከፍ፣ ውሃ ሲጨመርበት ዝቅ ስለሚል፣ ሁለቱንም ያደረገ ሰው ላክቶሜትሩን በቀላሉ ማታለሉ ነው። ስለዚህ በገርበር ዘዴ (ቅባቱን በአሲድና በማሽከርከር በሚለየው) የሚደረግ የቅባት ልኬት ሊታከልበት ይገባል።

በርክክብ ሰዓት የማስቀድመው የአልኮል ምርመራን ነው። 2 ሚሊ ሊትር ወተት ከእኩል መጠን 70 በመቶ አልኮል ጋር በመስታወት ቱቦ ተቀላቅሎ ሲገለበጥ፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ከተለጠፈ፣ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል፣ ወይም እንገር ገብቶበታል፣ ወይም የጡት በሽታ ካለባት ላም የመጣ ሊሆን ይችላል። የአልኮሉ ጠርሙስ ተከፍቶ ከቆየ ግን አልኮሉ ተንኖ ይደክምና መመለስ የነበረበት ወተት ያልፋል፤ ትንሽ የምትመስል፣ ብዙ ጊዜ ያየኋት ስህተት ናት።

ገንዘብ ከተረፈ ለአንቲባዮቲክ ቅሪት ይሁን። በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጡት ስትሪፖች (ወተቱ ውስጥ የሚነከሩ ቀጫጭን መመርመሪያዎች) ወተቱ ታንክ ውስጥ ከመገልበጡ በፊት ለመወሰን ያመቻሉ፤ የሚለዩት ግን በአብዛኛው ፔኒሲሊንንና ዘመዶቹን ነው። ወተቱ ቅሪት ከሌለበት ባክቴሪያ እያደገበት ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ ቢጫ የሚለወጠው ብልቃጥ የሚይዘው የመድኃኒት ዓይነት ይበዛል፤ ይሁንና 3 ሰዓት ያህል ያስጠብቃል። እርጎ የሚያመርት ሰው ከሁለቱ አንዱን ሊይዝ ይገባል፤ ቅሪቱ እርሾውን ስለሚጎዳው እርጎው በቀላሉ አይረጋም።

ወተቱን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ፓስቸራይዝ የሚያደርጉ ከሆነ የፎስፋቴዝ (በጥሬ ወተት ውስጥ ያለ ኢንዛይም) ምርመራ ይጨምሩ። ኢንዛይሙ በዚሁ ሙቀት ስለሚጠፋ፣ ወዲያው በተደረገ ምርመራ ከተገኘ ሙቀቱ አልበቃም ወይም ጥሬ ወተት ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ከሻገተ መኖ የሚመጣው መርዝ፣ አፍላቶክሲን ኤም 1፣ በማፍላት አይወገድም፤ ለማረጋገጫው ናሙናውን በአይኤስኦ 17025 (የላብራቶሪ ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት) ዕውቅና ወዳገኘ ላብራቶሪ ይላኩ። የራስዎን ኪት የሚገዙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን የመለየት ወሰን (ሊያገኘው የሚችለውን ዝቅተኛ መጠን) ያንብቡ፤ የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) ገደብ በኪሎ ግራም 0.5 ማይክሮግራም፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 0.05 ስለሆነ፣ ለመጀመሪያው የተሠራ ኪት ሁለተኛውን ለሚጠይቅ ገዢ አያገለግልዎትም።