በአያታችን ስም የቀረው የጣልያን ጊዜ ቤት፦ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

የፒያሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የቤተሰብ ቤት አለን። ጣልያን ሚያዝያ 1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ የተሠራ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ከውፍረቱ የተነሳ የመስኮቱ ደፍ ላይ ልጅ ይተኛበታል። ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ በረንዳው ወደ ጦሳ ተራራ የዞረ። አያቴ በጣልያን ጊዜ የመኪና ረዳት ሆነው ነው ሥራ የጀመሩት። ከነጻነት በኋላ ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጣልያን የጭነት መኪና አሰብ ይመላለሱ ነበር። ቤቱን ከአንድ ነጋዴ የገዙት በዚያ ገንዘብ ነው።

ሴት አያቴ ደግሞ ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ልጅ ነበረች። «ከሠሪው ሸሽቻለሁ፤ ቤቱን ያሞቅኩት ግን እኔ ነኝ» ትለን ነበር። አባቴንና ወንድሞቹን የወለደችው እዚያው ነው።

በሐምሌ 1967 የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ከጓሮ የሚከራዩት ክፍሎች ለቀበሌ ሄዱ። ዛሬም ሌላ ሰው ይኖርባቸዋል። ጥሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ቡና አብረን ነው የምንጠጣው። ዋናው ቤት የተረፈልን ስለምንኖርበት ነው። አባቴ የቤቱን ግብር አንድም ዓመት አላሳለፈም፤ ደረሰኙ ሁሉ አለ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እናቴ ልብሷን ትታ ካርታውንና ደረሰኞቹን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ወጣች።

አሁን አባቴ አርፏል። ካርታው እስከ ዛሬ በአያቴ ስም ነው። አክስቴ ኮምቦልቻ ናት፣ የአጎቶቼ ልጆች አዲስ አበባና አረብ አገር ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ያለነው እናቴ፣ እኔና እህቴ ነን። አፍርሶ ጂ ፕላስ ፎር ሊሠራበት የሚፈልግ ገዥ መጥቷል። ዘመዶቼ ክፉዎች አይደሉም። ገንዘቡ በጣም የሚያስፈልጋቸው አሉ፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ይህ ቤት ሲፈርስ ማየት አልችልም። ልጆቼ አራተኛ ትውልድ ናቸው።

ከየት ልጀምር? በዚያ ላይ ግድግዳው ክረምት በመጣ ቁጥር ይረጥባል። አባቴ በሲሚንቶ አስለስኖት ነበር፤ ልስኑ እየተላጠ እየወረደ ነው።

እሙ ሐያት (ኮምቦልቻ)፦

አብሽር ወንድሜ። የኛም ቤት ታሪክ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሽያጩን ወሬ አቁሙት። ካርታው በሟች ስም እያለ ማንም አይሸጠውም፣ ማንም በደንብ አያድሰውም። ፍርድ ቤት ቀርባችሁ የአያትህን ወራሾች አረጋግጡ። ቀጥሎ የአባትህን፣ የሞቱ አጎቶች ካሉም የእነሱን። ይህን ሳትጨርሱ ማዘጋጃ ቤት ስም ዝውውር ብትሉ መልሰው ይልኳችኋል።

ወደ የትኛው ፍርድ ቤት እንደምትሄዱ ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛ ወሎዬዎች አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነን። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ እኩል ትወርሳለች፤ በሸሪዓ ድርሻው ይለያል። ሁለቱም መንገድ የራሱ ወግ አለው። አክስቶቼ ግን ማንም ሳያስረዳቸው ፈርመው፣ ቅያሜው እስከ ዛሬ አልወጣም። ኮምቦልቻ ያለችውን አክስትህን ቁጭ ብለህ አስረዳት።

ሌላው፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የተያዘ የቆየ መሬት) በውርስ ሲተላለፍ ነባር እንደሆነ ይቀጥላል። በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዥው ወደ ሊዝ ይገባል። ገዥ ይህን አስልቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ለዘመዶችህ ንገራቸው፤ በአፍ የተጠራው ብር ሁሉ እጅ ላይ አይገባም።

ሆጤ፦

እኔ ሽጡት ባይ ነኝ። ቤቱን ጠልቼ አይደለም። ወራሽ በበዛ ቁጥር ስምምነት ይጠፋል። አንዱ ድርሻዬ ይለይልኝ ብሎ ከከሰሰ፣ ቤቱም ለመከፋፈል የማይመች ከሆነ፣ መጨረሻው ሐራጅ ነው። በሐራጅ ከሚሄድባችሁ በፍቅር ሸጣችሁ ብትካፈሉ ይሻላል። የእናታችን ልጆች እንዲህ አድርገን ዛሬም በዓል አብረን እንውላለን።

የግንበኛ ልጅ፦

ስለ ሕጉ እነሱ ብለዋል፣ እኔ ስለ ግድግዳው ልናገር። ያ ቤት የተገነባው በኖራ ከሆነ ችግሩ ሲሚንቶው ነው። የኖራ ግንብ የገባበትን እርጥበት በገጹ በኩል ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለሰንበት መውጫ ያጣል፤ ውኃው ከኋላ ተጠራቅሞ ልስኑን ይገፋዋል። እንደገና በሲሚንቶ ብትለስነው እንደገና ይላጣል።

ከልስኑ በፊት ጣሪያውን እይ። አሸንዳው የተበሳ ከሆነ የሐምሌ ዝናብ በሙሉ ግድግዳው ላይ ነው የሚወርደው። ከዚያ ውጪውን እይ። ደሴ ቁልቁለት ስለሆነች ከላይ የሚወርድ አፈር ከግድግዳው ሥር ይከመራል፤ ከወለሉ ከፍታ ካለፈ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። አፈሩን አንሣ፣ ቦይ አውጣለት። ሲሚንቶውን አስፍቀህ ግንቡን አንድ በጋ ሙሉ አድርቀው። ከዚያ በኖራና በአሸዋ አስለስን፤ ቶሎ እንዳይደርቅ ደግሞ ውኃ እየረጩ ነው። ልስን የሚችል ሁሉ ኖራ አይችልም፣ ሽማግሌ ግንበኛ ፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ አጣራ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደስ አይቻልም፤ ገዥውም እንደፈለገ አያፈርሰውም።

የፒያሳ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሙ ሐያት፣ የአክስቴን ነገር ስላነሳሽልኝ በጣም አመሰግናለሁ። እሷ ከሁላችን በላይ ቤቱን ትወዳለች፤ እስካሁን ግን ሐሳቧን የጠየቃት የለም። እኔ ራሴ ኮምቦልቻ ወርጄ አነጋግራታለሁ።

ሆጤ፣ ፍርሃትህ ገብቶኛል። ዘመድ በሐራጅ እንዲለያይ አልፈልግም። የወራሽነቱ ውሳኔ ሲወጣ ብር የሚያስፈልጋቸውን ድርሻቸውን እኔና እህቴ እንድንገዛቸው እጠይቃለሁ። በአንድ ጊዜ አንችልም፤ በየተራ፣ በጽሑፍ፣ በሽማግሌ ፊት። ቤቱም በየዓመቱ ለቤተሰቡ በዓል ክፍት ይሆናል፣ ድርሻውን የሸጠም ይመጣል።

የግንበኛ ልጅ፣ በጓሮ በኩል አፈሩ በእርግጥ ከወለሉ በላይ ነው። ለጎረቤቶቻችን ነግሬያቸው ቦዩን አብረን ልናወጣ ተስማምተናል፤ የእነሱም ግድግዳ ይረጥባል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ በኖራ የሚሠራ ግንበኛ የምታውቁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።