በሻይ የምንቆምርበት ካዚኖ

ከላስ ቬጋስ፦

ሰላም በየሀገሩ ሆናችሁ እዚህ ለምትጻጻፉ የደሴ ልጆች ሁሉ። ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደዚህ ለመምጣት የተሰናዳ አንድ ወንድማችን «የቬጋስ የካዚኖ ሥራ እንዴት ነው? የእኛ ልጆች ካርታ እያደሉ ይኖራሉ የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እውነት ነው። እኔ ራሴ በዚህ ሥራ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምታውቀውን ንገር ካላችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ሌላው ካዚኖ ካልጻፍኩ እጄ እሺ አይለኝም።

ደሴ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ የፑል ቤት ነበር። በሩ ላይ ስም አልነበረውም። እኛ «ካዚኖው» እንለው ነበር፤ ስሙን ከአንድ ቪዲዮ ቤት ካየነው ፊልም ሳናመጣው አንቀርም። ውስጡ ሁለት የፑል ጠረጴዛዎች ነበሩ፤ የአንደኛው እግር ስለሚያጥር በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል፣ አረንጓዴው ጨርቁም በክር ተሰፍቷል። በረንዳው ላይ ጆተኒ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ዳማ። የዳማው ጠጠር ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ፊቱን ወደ ላይ ያደርጋል፣ የሌላው ይገለበጣል። ክረምት ሲገባ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ በሩ ይወርድና ዱላውን ከመያዛችን በፊት እጃችንን በሻይ ብርጭቆ እናሞቅ ነበር።

ውርርዱም ያው ሻይ ነው። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ብር የሚያሲዝ ሰው ካዩ ኳሶቹን ሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉባቸዋል። የተሸነፈ ለሁሉም ሻይ ያዛል፤ ገንዘብ ከሌለው ጋሼ ባለ መስመሯን ደብተር አውጥተው ይጽፉበታል። ስንቶቻችን እዚያ ደብተር ላይ እንዳለን ጋሼና አላህ ያውቃሉ።

የዳማው ጥግ ግን ሕጉ ሌላ ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ የሚመጡት አባቶች «ሻይም ብትሆን ያሲያዟት ነገር ቁማር ናት፣ ቁማር ሐራም ነው» ብለው አንድ ሰሞን ተከራከሩ። ክርስቲያኖቹ የዳማ ጓደኞቻቸው ጭምር ገብተውበት ክርክሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ ፍርድ ሰጡ፦ «ያሸነፈው ይክፈል። ያን ጊዜ ሶደቃ ይሆናል።» ሁሉም ተስማማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ጉድ ታየ። በዳማ ሰፈሩን ሲያንቀጠቅጡ የነበሩት ሁሉ መሸነፍ ጀመሩ! ንጉሥ ያደረጉትን ቆርኪ አስበልተው «አይ እርጅና» እያሉ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ። ማደል የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እዚህ አሉ፤ ስትጨርስ ካዚኖው ፊት አድለህ ትፈተናለህ። መነሻ ደመወዙ ከዝቅተኛው ሕጋዊ ክፍያ ብዙም አይርቅም፤ የሚያኖረው ጉርሻው ነው፣ እሱንም ብዙ ቦታ ሰብስበው ይከፋፈሉታል። አንድ ሰዓት ያህል ታድልና ሃያ ደቂቃ ታርፋለህ። ከጠረጴዛው ስትነሣ እጅህን አጨብጭበህ መዳፍህን ለካሜራ ታሳያለህ፤ ምንም አልያዝኩም ለማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባደረግሁ ቁጥር ጋሼ መሳቢያቸውን ሲቆልፉ ትዝ ይሉኝ ነበር። አዲስ ሰው የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ፈረቃ ነው። የሲጋራው ጢስ ልብስህ ላይ ያድራል። አዳራሹ ውስጥ ሰዓት አይሰቀልም፣ መስኮትም የለውም፤ ዐስር ይሁን ሱብሒ የምታውቀው ከስልክህ ነው።

ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ቀጥታ ወደ ቤትህ ሂድ። ሒሳቡን ከውስጥ ስላየሁት ነው የምልህ። የአሜሪካው ሩሌት፣ ኳስ የሚሽከረከርበት ባለ ቁጥር መንኮራኩር፣ 38 ቀዳዳ አለው፤ የያዝከው ቁጥር ሲወጣልህ የሚከፍልህ ግን 35 እጥፍ ነው። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ በሁለት ካርታ 21 ሲመጣልህ ቀድሞ በ10 ዶላር 15 ይከፈል ነበር፤ አሁን ብዙ ጠረጴዛ ላይ 12 ብቻ ነው። ይህ ጠረጴዛው ላይ ተጽፎ ይታያል፣ ሰው ግን አያነበውም። እዚህ ደመወዙን በተቀበለበት ሌሊት ሁሉንም አስረክቦ የሄደ የሀገሬ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። እያደልኩለት የነበርኩትም እኔ ነኝ። ስሙን ብጠራው ይደነግጣል ብዬ ዝም አልኩ።

ከጅዳ፦

ወንድሜ፣ አብሽር። ስለ ሥራው ብዙ አልልም፣ ሪዝቅህን አላህ ከተሻለው በር ያምጣልህ ብቻ።

እኔ ያንን ቤት የማውቀው ከበሩ ውጪ ነው፤ ሴት ልጅ አትገባበትም ነበር። እናቴ «ሂጂ አባትሽን ጥሪው፣ እንጀራው ደረቀ» ስትለኝ ሰኞ ገበያን አቋርጬ እሮጥና ደፍ ላይ ቆሜ እጣራለሁ። የማየው ጀርባዎች ብቻ ነበር። ትኩስ የዝንጅብል ሻይ ሽታ ፊቴን ሲመታኝ ግን አሁንም ይሰማኛል። አባቴ ከዳማው ጥግ አይጠፋም። በመንገድ እጄን ይዞኝ «ዛሬም ተሸነፍኩ ልጄ» ይለኛል፤ ደስ ብሎት። የተሸነፈ ሰው ለምን እንደሚስቅ ሲገርመኝ ኖሯል። ይኸው ዛሬ ገባኝ! ነፍሱን ይማረው፣ ቆጣቢ ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አምና ለአረፋ ደሴ ሄጄ ነበር። ቤቱ አሁን የኳስ ውርርድ ቤት ሆኗል። ልጆቹ ወረቀት ይዘው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን ያንጋጥጣሉ፤ ከጎናቸው ማን እንደቆመም የሚያዩ አልመሰለኝም። የፑል ጠረጴዛዎቹ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ጠፍተዋል፤ ጨርቁ ብቻ ተገፍፎ ተገኘ ይላሉ።

ጋሼ ግን አሉ። ጎረቤት ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከቬጋስ ስለሚጽፍ አንድ ልጅ ሳነሣባቸው ለአፍታ አሰቡና «ረጅሙ? 11 ሻይ አለበት፣ አንዷ በቅመም» አሉኝ። ደብተሯን አትርፈዋታል።

ከላስ ቬጋስ፦

ይህን ሳነብ የእረፍት ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ ዞር ብሎ አየኝ።

አስሩን አምናለሁ። አስራ አንደኛዋን ግን አልቀበልም። ያን ቀን መብራት ጠፋ፤ ጥቁሯ ኳስ ጠረጴዛው ላይ እንዳለች ነበር፣ በማግሥቱ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ከደሴ ወጣሁ። ያላለቀ ጨዋታ እንዴት ዕዳ ይሆናል? ጋሼም ያውቃሉ።

ለማንኛውም በቅርቡ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ የአስሩን እልካለሁ። አንድ ሻይ አሁን ስንት ገባ?