የማንጎ ማድረቂያና የጓሮ አትክልት ፕሮጀክት፦ ድጋፉ ከየት ይፈለግ?

አባያ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድርጅታችን አርባ ምንጭ ዙሪያ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ነው፤ ምዝገባው የታደሰ፣ ኦዲቱ ያለቀ። የታሰበው 60 ሴቶች የጓሮ አትክልት ሥልጠና እንዲያገኙ፣ የሚባክነውን ማንጎ በፀሐይ ማድረቂያ አድርቀው እንዲሸጡ፣ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ እንሰትና የፍራፍሬ ዛፍ እንዲተከል ነው። ሁሉም ባንድ ፕሮፖዛል ተጽፎ ለስድስት ለጋሾች ተልኳል። መልስ የመጣው ካንዱ ብቻ ነው፤ እሱም «ከትኩረት መስካችን ጋር አይሄድም» ይላል። ማን ጋ ይኬድ? የባለሙያ ደመወዝስ ማን ይከፍላል?

ሰነድ ያዥ፦
ችግሩ ፕሮፖዛሉ አንድ መሆኑ ነው። ሦስት ሥራ ናቸው፤ ሦስቱም የተለያየ ከፋይ አላቸው።

የማድረቂያው ቤት፣ የውሃ ሮቶውና መደርደሪያው ግንባታና ዕቃ ስለሆነ ለጃፓን ኤምባሲ የግራስሩትስ (ለማኅበረሰብ ትንንሽ ፕሮጀክቶች የሚሰጥ) ድጋፍ ይመቻል። የድጋፉ ከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ በመርህ ደረጃ 10 ሚሊዮን የን ነበር (የዓመቱን መመሪያ ግን እዩ)። ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይና አላቂ ዕቃ አይከፍልም፤ እነዚህ በጀቱ ውስጥ ገብተው ካዩ ገና ከጅምሩ ጥሩ ስሜት አይፈጥርም። ለየዕቃው የሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ይጠይቃሉ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሥራው በአንድ ዓመት ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ የቦታው ይዞታ ማረጋገጫ ሳይኖር አትሂዱ። «ወረዳው ቦታ ሊሰጠን ቃል ገብቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይሠራም።

የተዳፋቱ ተከላ ሌላ ጉዳይ ነው። በዩኤንዲፒ (በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም) በኩል የሚተዳደረው የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) አነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም የመሬት መራቆትን፣ ብዝኀ ሕይወትንና የአየር ንብረትን ይመለከታል። መጠኑ እንደየዙሩ ቢለያይም ለረጅም ጊዜ እስከ 50,000 ዶላር ነበር። «ሴቶች ገቢ ያገኛሉ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እዚያ ቦታ የላችሁም። ከጋሞ ደጋ እየታጠበ ወርዶ አባያን ያደፈረሰው ደለል ነው መግቢያው፤ ገቢው ሁለተኛ ይምጣ። ስንት ሄክታር፣ ስንት ችግኝ፣ በሁለተኛው ዓመት ስንቱ ጸድቆ ይቆጠራል፣ ማንስ ይቆጥራል፣ ይህን ጻፉ። የማኅበረሰቡ ጉልበትና የተሰጠው መሬት እንደ መዋጮ ስለሚያዝ በብር ተምኑት።

ለሥልጠናውና ለባለሙያው ደመወዝ ደግሞ ትልልቅ ድርጅቶች ከአውሮፓ ኅብረት ወስደው ለትንንሾች የሚያከፋፍሉትን ፈልጉ። በብዙዎቹ ጥሪዎች (ፕሮፖዛል አቅርቡ የሚሉ ማስታወቂያዎች) ለአንድ ተቀባይ እስከ 60,000 ዩሮ ይፈቀዳል። በቀጥታ ለኅብረቱ ማመልከት ላሁኑ አይመከርም፤ ዝቅተኛው የድጋፍ መጠን ራሱ ከአቅም በላይ ይሆናል።

ሒሳብ ሹም፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ የአሜሪካው የልማት ድርጅት ዩኤስኤይድ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተዘጋ ወዲህ በእሱ ሥር የነበሩት ሁሉ የቀሩት በሮች ላይ ተሰልፈዋል። ተመሳሳይ ሐሳብ ብዙ ስለሚመጣ የሚለየው በጀቱ ነው።

«ሥልጠና፣ 140,000 ብር» ብሎ የሚጽፍ ይወድቃል። እንዲህ ይዘርዘር (ዋጋው ለምሳሌ ነው)፦ ምሳና ሻይ 60 ሰው × 3 ቀን × 400 = 72,000፤ ትራንስፖርት 60 × 3 × 150 = 27,000፤ አሠልጣኝ 2 × 3 × 3,000 = 18,000፤ አዳራሽ 3 × 5,000 = 15,000፤ ደብተርና እስክሪብቶ 60 × 100 = 6,000። ድምር 138,000። ገምጋሚው ካልኩሌተር ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ አንዲት መስመር ካልገጠመች ሌላውንም አያምንም።

ሌላው የሚረሳው 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው ታክስን ይጨምር አይጨምር ሳይታይ ይገለበጥና፣ ግዢ ሲደርስ ሮቶው ይቀራል።

ስለ ደመወዝ፦ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ነገር ግን ሜዳ ላይ ሴቶቹን የሚያሠለጥነው የግብርና ባለሙያ የአስተዳደር ሠራተኛ አይደለም፤ ደመወዙ በፕሮጀክቱ ሥራ ሥር ይያዝ። የሒሳብ ሠራተኛው፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የባንክ አገልግሎቱ፣ የኦዲት ክፍያውም ጭምር አስተዳደር ነው። ሠራተኛው ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ ሰዓቱ በታይም ሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) ይከፋፈል፤ ያለሱ ኦዲተር አይቀበልም።

በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ የምንዛሬ ልዩነቱ የማን እንደሆነ አስጽፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከምንዛሬው የተገኘው ትርፍ ለጋሹ ሳይጠየቅ ወጪ ከሆነ «ያልተፈቀደ ወጪ» ተብሎ ይመለሳል።

እማማ ጓሮ፦
የጊዜውን ነገር ማንም አላነሣውም። ገንዘቡ ተፈቀደ ማለት መጣ ማለት አይደለም። ከክልሉ ቢሮዎች ጋር የፕሮጀክት ስምምነት አለ፣ ለፕሮጀክቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ደብዳቤ አለ። በዚህ መሐል የተከላው ዝናብ ያልፋል። የሥራ ዕቅዱን በወር ስም አትጻፉ፤ «ወር 1፣ ወር 2» በሉና ተከላው ከየትኛው ዝናብ ጋር እንደሚገጥም ከሥር አብራሩ። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቱን የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ጥሪ ሳይወጣ ያዙ። ጥሪው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ አይቆይም፤ ኃላፊው ለስብሰባ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ሄደ።

አባያ ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማድረቂያው ላይ «ከ100 ኪሎ ማንጎ 40 ኪሎ ደረቅ» ብለን ነበር የጻፍነው። ያስኬዳል?

ሰነድ ያዥ፦
አያስኬድም፣ እሱን ቶሎ አርሙት። ልጣጩና ፍሬው ሲወጣ ከ100 ኪሎ 60 ያህል ሥጋ ይቀራል፤ ከሱም ከአምስት እጅ ከአራቱ በላይ ውሃ ነው። በደንብ ሲደርቅ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ታገኛላችሁ። የሽያጭ ገቢው ስሌት በዚህ ይሠራ። ሽያጩ ወጪውን ካልሸፈነ ማድረቂያውን ቀንሱና የሚደርቀውን ለሞሪንጋ ቅጠልም አድርጉት፤ ማንጎ በሌለበት ወር ባዶውን አይቆምም። ደመና የሚበዛበት ወር ላይ ማንጎ የሚደርስ ከሆነም መጠባበቂያ ማሞቂያ በጀቱ ውስጥ ይግባ፤ በሁለተኛው ቀን ያልደረቀ ቁራጭ ይሻግታል።