«እየዋሸሁ ነው» ማለትና «ይሄ ሐሰት ነው» ማለት አንድ ነው እንዴ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ የውሸታሙን አያዎ (ራሱን የሚቃረን አባባል፣ ፓራዶክስ) ታውቁታላችሁ መቼም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሚሊጢኑ ፈላስፋ ኢዩቡሊደስ አነሳው የሚባለው፣ አንድ ሰው «እየዋሸሁ ነው» ቢል እውነቱን ነው ወይስ እየዋሸ? በአማርኛ ሳስበው ግን ቋጠሮው አልጠብቅ አለኝ። መዋሸት እኮ ማሳሳት መፈለግ ነው። 5 ሲደመር 3 ስንት ነው ስትሉኝ ተሳስቼ 9 ብል የተናገርኩት ሐሰት ነው፣ ግን አልዋሸሁም። እየዋሸሁ ነው ብሎ ያወጀ ሰው ታዲያ ማንን ሊያታልል ነው? ለኔ «ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው» ሲባል ብቻ ነው ነገሩ የሚቋጠረው፣ እውነት ካልነው ራሱ እንዳለው ሐሰት ሆነ፣ ሐሰት ካልነው ደግሞ ያለው ልክ ሆነና እውነት ሆነ፣ መውጫ የለውም።

— ግሩም ነው ግን ትንሽ ላርምህ ወንድሜ። ውሸት የሚለው ስም እንዳልከው ጠባብ አይደለም። «ወሬው ውሸት ነው» ስንል እኮ ማንንም ዋሸ አላልንም፣ ያወራው ሰው ከልቡ አምኖት ሊሆን ይችላል። ሰው የሚከሰሰው ግሱ ሲመጣ ነው፣ «ዋሸኸኝ» ስትለው። ስለዚህ ልዩነቱ በውሸትና በሐሰት መሀል ሳይሆን በስሙና በግሱ መሀል ነው ባይ ነኝ።

— እኔ ደግሞ ስለ ቀርጤሱ ኤፒሜኒደስ ልጨምር፣ የቀርጤስ ሰው ሆኖ የቀርጤስ ሰዎች ሁሌ ውሸታም ናቸው ያለው፣ ቲቶ 1፥12 ላይም ሳይጠራ ተጠቅሷል። ብዙ ሰው ይሄንንም አያዎ ይለዋል፣ አይደለም። ሆዳም የተባለ ሰው ሌት ተቀን አይበላም፣ ውሸታምም እንደዛው፣ አመሉ ነው እንጂ አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል። «ሁሌ» የምትለዋን አጥብቀን ብንይዛት እንኳን አባባሉ ሐሰት ነው ብለን እንገላገላለን፣ የሆነ የቀርጤስ ሰው የሆነ ቀን እውነት ተናግሯል ማለት ነው፣ አለቀ።

— የስምና የግሱን እቀበላለሁ፣ ልክ ነህ። የኤፒሜኒደስን እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር! ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ስመለስ፣ የሎጂክ ሊቁ ታርስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ያለው እንዲህ ነው፣ አንድ ቋንቋ ስለራሱ ዓረፍተ ነገሮች እውነትና ሐሰት ራሱ ልፍረድ ሲል ነው የሚጠላለፈው፣ ስለዚህ ፍርዱ ከሱ በላይ ባለ ቋንቋ ይሰጥ ነው ነገሩ። ውሸታም ሰውዬ እዚህ ውስጥ የለም። ከእንግዲህ እኔ «የሐሰት አያዎ» ነው የምለው፣ አያዎ የምትለዋ ቃል ራሷ አይ እና አዎ ተጣብቀው ስለሆኑ እንደዚህ ዓረፍተ ነገር የሚገባት የለም።